የማይረሳ ባላንጣ
በቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ ታላቁን ፍልሚያ ስለ መንደፍ በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ምኞቱ መንገደኛው ያለ አንዳች እንቅፋት እንዲሻገር ነው። የቪዲዮ ጨዋታ ነዳፊ ግን ሆን ብሎ በመንገዱ ላይ እንቅፋት ያቆማል። ከእንቅፋቶቹ ሁሉ ዋነኛው በተጫዋቾች ዘንድ «ቦስ» እየተባለ የሚጠራው ታላቁ ባላንጣ ነው። ከነዚህ ባላንጣዎች አንዱ ድል በተነሣ ማግስት ሲረሳ፣ ሌላው ለዓመታት ከአእምሮ የማይጠፋው ስለ ምን ይሆን? ምክንያቱ ብርታት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሥራው እጅግ በቀለለ ነበር፤ የጉዳቱን መጠን የሚወስነውን ቁጥር በእጥፍ ማሳደግ ይበቃ ነበርና። ፍልሚያን የማይረሳ የሚያደርጉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም ፍትሕና ትርጉም ናቸው።

ፍትሕ ሲባል ተሸናፊው የተሸነፈበትን ምክንያት ለማወቅ መቻሉ ነው። ይህም በስሌት የሚደረስበት ጉዳይ ነው። በሰከንድ 60 ምስሎች በሚያሳይ ጨዋታ አንዱ ምስል የሚቆየው 17 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። ሰው ድንገተኛ ምልክት አይቶ ጣቱን እስኪያንቀሳቅስ ሩብ ሰከንድ ገደማ፣ ማለትም ወደ 15 ምስሎች የሚጠጋ ጊዜ ያልፋል። እንግዲህ ባላንጣው ክንዱን ካነሣ በኋላ በ10ኛው ምስል ላይ የሚመታ ከሆነ፣ ተጫዋቹ የሚድነው በግምት ብቻ ነው። ለመሸሽ፣ ለመመከት ወይም ለመምታት ይመርጥ ዘንድ ደግሞ ከ15 ምስሎችም የበለጠ ጊዜ ያሻዋል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ብሂል ተጫዋቹን ያስጠነቅቃል፤ የሚጠረጥርበትን ምልክት መስጠት ግን የነዳፊው ግዴታ ነው።

ያላስተማረ መምህር ሊፈትን አይገባውም። ፍሮም ሶፍትዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ በሂደታካ ሚያዛኪ መሪነት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው «ዳርክ ሶልስ» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ተጫዋቹ ገና በመጀመሪያው የተሰበረ ሰይፍ እንደ ያዘ አንድ ግዙፍ ጋኔን ይገጥመዋል። ቢታገለው ይጨፈለቃል፤ ዙሪያውን ቢቃኝ ግን ማምለጫ በር ያገኛል። ደህና መሣሪያ ይዞ ሲመለስ መንገዱ ከጋኔኑ ራስ በላይ ያደርሰዋል፤ ከዚያም ዘሎ እየወረደ ሲመታው የጋኔኑ ኃይል ክፉኛ ይደክማል። ቆይቶም ሌላ ጋኔን በጠባብ ግንብ ላይ ሲገጥመው፣ በስተኋላው መሰላል ያለው ማማ ቆሞ ይጠብቀዋል። ፈተናው አዲስ ቢሆንም መልሱ አስቀድሞ የተማረው ነው።

ትርጉም ሁለተኛው ምሰሶ ነው። በዚያው ጨዋታ ውስጥ ሲፍ የተባለ ታላቅ ተኩላ በአፉ ሰይፍ ይዞ የሞተ ጌታውን መቃብር ይጠብቃል። ኃይሉ ተሟጦ ሊያልቅ ሲል ማነከስ ይጀምራል፤ ሰይፉን ሲሰነዝርም ይንገዳገዳል። ባላንጣው በደከመ መጠን ድሉ ይቀርባል፤ የተጫዋቹ እጅ ግን ይከብዳል። ፉሚቶ ኡዌዳ የመራው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው «ሻዶው ኦቭ ዘ ኮሎሰስ» ደግሞ በሰፊው ምድር ላይ ከ16 ግዙፋን በቀር ሌላ ጠላት አላኖረም። ጀግናው የሞተች ልጃገረድን ለማስነሣት ሲል አንድ በአንድ ይጥላቸዋል። ግዙፉ ሲወድቅ ግን የሚሰማው ዜማ የሐዘን ነው። አሸናፊው የተደሰተበትን ነገር መልሶ እንዲመረምር ይገደዳል።

በአንድ ባላንጣ ፊት ሃያ ጊዜ የሚወድቅ ሰው ከዕድሜው ላይ ሰዓታትን ይከፍላል። እነዚያ ሰዓታት ትምህርት ወይም ዘረፋ መሆናቸውን የሚወስነው ነዳፊው ነው። ስለዚህ ሥራው ለሕዝብ ከመውጣቱ አስቀድሞ ለሞካሪው ሁለት ጥያቄዎች ይቅረቡለት፤ ሲሸነፍ «ለምን ወደቅህ?»፣ ሲያሸንፍ «ማንን ጣልህ?»። ለፊተኛው መልስ ከታጣ ምልክቶቹ ይታረሙ፤ ለኋለኛው ከታጣ ባላንጣው እንደገና ይታሰብ።