ስሜንን በፎቶግራፍ ለማስቀረት
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴው አገር ቤት ለሚሄዱ ወገኖች ስለ ፎቶግራፍ ጥቂት እንድናገር ስላዘዘኝ፣ ስለ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እናገራለሁ። ፓርኩ በ1969 እ.ኤ.አ. ተከለለ፤ በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነ። ብዙዎቻችን ዕረፍታችን አጭር ስለሆነ እዚያ የምንውለው አንድ ቀን ነው። የዚያ ቀን ፎቶግራፍ ግን ቮርቢ ጎርድ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ዓመታት ይኖራል፤ እዚህ ለተወለዱት ልጆቻችንም አገር ማለት እሱ ነው።

አንደኛ፣ ወቅት። ጥቅምትና ኅዳርን ምረጡ። ክረምቱ አየሩን አጥቦት ስለሚወጣ ሩቁ ቆላ ጥርት ብሎ ይታያል። በጋው ሲገፋ አቧራ ይጋርደዋል።

ሁለተኛ፣ ብርሃን። ስቶክሆልም በሰኔ ፀሐይ ጠልቃም ብርሃኑ ቶሎ አይለቅም። ስሜን ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ስለዚህ ቦታችሁን አስቀድማችሁ ይዛችሁ ጠብቁ። መጠበቅን ከእኛ ከታክሲ ነጂዎች ተማሩ! ገደሉ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ዐለት የተነባበረ ነው። ንብርብሩ ጎልቶ የሚወጣው ብርሃን ከጎን ሲመታው፣ ጠዋት እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት በኋላም ከ10 ሰዓት ወዲያ ነው።

ሦስተኛ፣ መጠን። እመት ጎጎ 3,926 ሜትር ከፍታ አለው፤ ገደሉን ብቻውን ብታነሡት ግን ትልቅነቱ አይታወቅም። ጥግ ላይ ጅብራ፣ ወይም ከጠርዙ ራቅ ብሎ የቆመ ሰው አስገቡ። ጭላዳ ሣር ሲነጭ ካገኛችሁ ራቅ ብላችሁ ቁጭ በሉ፤ አታባርሩት፣ አትመግቡት። ፀሐይ ከጀርባችሁ ትሁን፤ አለዚያ ጠጉሩ ጥቁር ጥላ ብቻ ሆኖ ይወጣል።

አራተኛ፣ ባትሪ። ሌሊቱ ብርቱ ብርድ ስለሆነ ባትሪውንም ስልኩንም ከብርድ ልብሳችሁ ውስጥ አሳድሩ።

አምስተኛውና ዋናው ሰው ነው። ስሜን ሰው የኖረበት አገር ነው። የግጭ መንደር ነዋሪዎች ፓርኩ እንዲያገግም ሲባል በ2016 እ.ኤ.አ. ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። በዓመቱ ፓርኩ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከቆየበት የአደጋ መዝገብ ወጣ። እኛ የምናደንቀው ባዶ ሜዳ ለእነሱ የትናንት ቀያቸው ነው። ስለዚህ እረኛን ሳታስፈቅዱ አታንሡ፤ ስሙን ጠይቁ፤ ከፎቶግራፉ ጀርባም የእሱንና የቦታውን ስም ጻፉ። ልጅ «ይኼ ማነው?» ሲል መልስ ይኑረን።

አንድ ማሳሰቢያ፦ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ውጊያ ስለተነሣ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ጎንደርና ደባርቅ ያሉ ዘመዶቻችሁን ስለ መንገዱ ጠይቁ። ፎቶግራፍ ከነፍስ አይበልጥም። እስከዚያው እዚሁ ሜላረን ሐይቅ ዳር እንለማመድ።

አገራችንን ሰላም ያድርግልን።