ቴሌቪዥን ስንገዛ

ወገኖቻችን፣ በርበሬያችንን ቡታጅራ ገበያ አውርደን ሸጠናል። በገንዘቡ ቴሌቪዥን እንግዛ ካልን፣ ሱቅ ሳንገባ እንምከር። ቴሌቪዥን በአገራችን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር የጥቂቶች ነበር፤ ዛሬ የገበሬም ቤት ይገባል።

ነጋዴው «32 ኢንች» ሲለን፣ መስታወቱ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን 81 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው ማለቱ ነው። ለጠባብ ቤት ይበቃል። ትልቁ ያምራል፤ ግን የዘርና የማዳበሪያውን ገንዘብ ይበላል! ዲሽና ሪሲቨርም ዋጋቸው ለብቻ ነው፤ ይህን የረሳ ሰው ባዶ መስታወት ተሸክሞ ቤቱ ይገባል። መብራት ያልገባልን ደግሞ በሶላር ባትሪ፣ በ12 ቮልት የሚሠራውን እንጠይቅ።

እዚያው ሱቁ ውስጥ አስከፍተን እንየው፤ ድምፁንም እንስማው። የዋስትናውን ወረቀት ግን ሌላ ሰው አያንብብልን፤ ራሳችን እናንብበው። ስንት ወር ይላል? ማኅተምስ አለው?