መድኃኒትና የትዳር ምሥጢር
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው አርእስቴ በአደባባይ የማይነሣ፣ ቢነሣም በሣቅ የሚታለፍ ነው። ይኸውም ብዙ ሰው ዕለት ዕለት የሚወስዳቸው አንዳንድ መድኃኒቶች የፍትወትን ስሜትና የግብረ ሥጋን ችሎታ ሊያደክሙ መቻላቸው ነው። ይህን መምረጤ ያለ ምክንያት አይደለም። በሽተኛው ይህ ነገር ሲደርስበት ለሐኪሙ መንገር ያፍራል፤ ከማፈሩም የተነሣ መድኃኒቱን በስውር ይተዋል፤ ከዚያም የተሻለው ሕመም ይመለስበታል።

ለግብረ ሥጋ አንጎል፣ ነርቭ፣ የደም ሥርና ሆርሞን ተባብረው መሥራት አለባቸው። ፍላጎት ከአንጎል ይነሣል፤ ነርቭ መልእክቱን ያደርሳል፤ የደም ሥሮች ሰፍተው ደም ይቀበላሉ፤ ሆርሞንም ፍላጎቱ እንዳይጠፋ ይጠብቃል። አንድ መድኃኒት ሌላ በሽታ ሊያክም ገብቶ ከእነዚህ አንዱን ቢነካ፣ ጉዳቱ በመኝታ ቤት ይታያል።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነንን ከቅርባችን እንውሰድ። ቡታጅራ በዓለም የሕክምና ምርምር ዘንድ ስሟ የታወቀ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2001 በአካባቢዋ በነበረው በመስቃንና ማረቆ ወረዳ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ተጠይቀው፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ተለይተው ለብዙ ዓመታት ክትትል ተደርጎላቸዋል። ከ2011 ወዲህም በሶዶ ወረዳ የአእምሮ ሕክምና በጤና ጣቢያ እንዲሰጥ ተሞክሯል። ቀድሞ አዲስ አበባ ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ያስኬድ የነበረው ሕክምና በዚህ ዓይነት ወደ ገጠሩ ቀርቧል። ይህ ትልቅ በረከት ነው፤ የታመመው ሰው ወደ እርሻው፣ ወደ ገበያውና ወደ ትዳሩ ይመለሳልና።

ነገር ግን ወደ ትዳሩ በምን ሁኔታ ይመለሳል? ክሎርፕሮማዚን፣ ሃሎፔሪዶል፣ ሪስፔሪዶን፣ እንዲሁም በየጊዜው በመርፌ የሚሰጠው ፍሉፌናዚን የሚሠሩት በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር በመግታት ነው። ዶፓሚን ደግሞ ፕሮላክቲን የተባለውን ሆርሞን የሚቆጣጠር ዘበኛ ነው። ዘበኛው ሲታገድ ፕሮላክቲን ይበዛል። ያን ጊዜ የወንዱ ፍላጎትና ኃይል ይደክማል፤ የሴቷ የወር አበባ ይዛባል ወይም ይቀራል፤ ያልወለደችውም ጡቷ ወተት ሊያወጣ ይችላል። ልጅ በሚጠበቅበት ቤት የወር አበባ የቀረባት ሙሽራ፣ ምክንያቱን የሚነግራት ሰው ካላገኘች፣ መካን ሆኛለሁ ብላ ብታዝን ምን ይደንቃል? ባሏስ ጠላችኝ ቢል?

ሌሎቹን ባጭሩ ልጥቀስ። ለድብርት የሚሰጡት ፍሉኦክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን ፍላጎትን ሊቀንሱ፣ እርካታንም ሊያዘገዩ ይችላሉ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፊኖባርቢታልና ፌኒቶይን የሆርሞኖችን ሚዛን ሊያዛቡ ይችላሉ። ከደም ግፊት መድኃኒቶች ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ፕሮፕራኖሎል በዚህ ይታማሉ፤ ኢናላፕሪልና አምሎዲፒን ግን እምብዛም አይወቀሱም።

ይሁንና ጥፋቱን ሁሉ በመድኃኒት ላይ መጫን ስሕተት ነው። ስኳር በሽታና የደም ግፊት ራሳቸው የደም ሥርን ይጎዳሉ፤ ድብርትም ራሱ ፍላጎትን ያጠፋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ነገሩ የጀመረው መድኃኒቱን ከመውሰድዎ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» የሚል መሆን አለበት።

ከዝምታ የሚወለዱ ሁለት አደጋዎች አሉ። አንደኛው መድኃኒትን በድንገት ማቆም ነው። ፊኖባርቢታልን በድንገት የተወ ሰው የማያቋርጥ መንዘፍዘፍ ሊይዘው፣ የልብ ሕመም እያለበት ፕሮፕራኖሎልን የተወም ደረቱን አጥብቆ ሊያመው ይችላል። ሁለተኛው ቫያግራ የሚባለውን ሲልደናፊልን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝቶ መዋጥ ነው። ሲልደናፊል የደም ፍሰትን ይረዳል እንጂ የጠፋ ፍላጎትን አይመልስም። ለደረት ሕመም ናይትሬት ከሚባሉት መድኃኒቶች ጋር ቢገናኝም የደም ግፊትን ለሞት እስኪያሰጋ ድረስ ሊያወርድ ይችላል።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ለበሽተኛው ብንነግረው እናስፈራዋለን» ይላሉ። ክርክራቸው ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ የኢጣሊያ ጥናት 96 የልብና የደም ግፊት ሕመምተኛ ወንዶች አቴኖሎል ተሰጥቷቸው ነበር። የሚወስዱትን ካላወቁት መካከል ችግሩን የተናገሩት 3 ከመቶ ያህል ሲሆኑ፣ የመድኃኒቱን ስም ብቻ ካወቁት 16 ከመቶ ያህል፣ በግብረ ሥጋ ላይ የሚያደርሰውን ጭምር ከተነገራቸው ግን 31 ከመቶ ያህል ነበሩ። እንግዲህ ፍርሃትም ራሱ እንደ መድኃኒት ይሠራል ማለት ነው። ከዚህ የምማረው ግን ዝም እንበል የሚለውን አይደለም፤ አነጋገራችን ይታረም የሚለውን ነው። «ይህን መድኃኒት ከሚወስዱት አንዳንዶቹ በትዳራቸው ለውጥ ያያሉ፤ ቢደርስብዎ መፍትሔ አለውና ይንገሩኝ» ብሎ በእርጋታ ማስረዳትና፣ በሽተኛው ሲመለስ ደግሞ መጠየቅ ይቻላል። መፍትሔውም በእርግጥ አለ፤ ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል፣ ወይም በሌላ መድኃኒት ይለውጣል።

በዚህ በወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በሕክምናና በጤና ሳይንስ የምትማሩ ጓደኞቼ ሆይ፤ ነገ በጤና ጣቢያ ስትቀመጡ አማርኛ የማይቀናት የገጠር እናት ትመጣለች። አስተርጓሚዋ የገዛ ልጇ ወይም አማቷ ከሆነ ይህን ነገር ከቶ አትናገርም። ስለዚህ ቋንቋዋን የምታውቅ ነርስ ፈልጉላት፤ በሩንም ዝጉላት። በሌላ ሙያ የምንማርም ብንሆን የታመመ ወንድም ወይም አባት አለን፤ «መድኃኒቱ ተስማማህ ወይ?» ብለን መጠየቅ አያቅተንም።

ያገራችን ሰው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል። እኔም መድኃኒቱ ያመጣበትን የደበቀ በሽታው ይመለስበታል ብዬ እጨምርበታለሁ።