ሲሚንቶ ዲላ የሚደርስበት ቀን



ከአዲስ አበባ እስከ ዲላ ያለው መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ካርታ ለሚመለከት ሰው የአንድ ቀን ጉዞ ይመስለዋል። የዕቃ ጉዞ ግን የሚቈጠረው ትእዛዙ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ነው። በሙገር ፋብሪካ ተራ መጠበቅ፥ መጫንና ማራገፍ፥ ከዋናውም መንገድ ወጥቶ ወደ ቡሌ ደጋ መውጣት እያንዳንዱ የራሱን ጊዜ ይወስዳል።

የጌዴኦ ምድር ከመጋቢት እስከ ግንቦት፥ ዳግመኛም በመስከረምና በጥቅምት ብዙ ዝናብ ያገኛል። ሲሚንቶም እርጥበት ሲነካው በከረጢቱ ውስጥ ይጠጥራልና፥ ያለ ጊዜው ቀድሞ የደረሰው እንደ ዘገየው ሁሉ ጉዳት አለው።

እንግዲህ ዕቅድ የሚያወጣ ሹም ቀኑን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይቍጠር። አስቀድሞ ኮንክሪቱ የሚቦካበትን ቀን ይወስን፤ ከዚያም የመንገዱን፥ የወረፋውንና የዝናቡን ቀናት እየቀነሰ ትእዛዙን የሚጽፍበትን ቀን ያግኝ። በቡና ለቀማ ወራት ባዶአቸውን ወደ ዲላ የሚወርዱ የጭነት መኪናዎች ሲሚንቶ ይዘው ቢሄዱ ኪራዩ ይቀላል፤ ቡና ግን አቧራና ሽታ ስለሚቀበል፥ ሲመለሱ በሚገባ ተጠርገው ይጫኑ።

የአንድ ጤና ጣቢያ ጣራ ሳይከደን ዝናብ ቢደርስበት፥ ጉዳቱ በመዝገብ ላይ ብቻ አይቀርም፤ በሽተኛ ተሸክሞ ከሩቅ የመጣውን ገበሬ ደጅ ያስቀረዋል።