ጆንያ የሌለው ኤክስፖርት

ቡና ሲሸጥ ጆንያው ይታያል። ከሌጎስ ተነስቶ በቦሌ በኩል ወደ ጓንግዡ የሚያልፍ ናይጄሪያዊ ነጋዴ ለኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚከፍለው የቲኬት ዋጋ ግን ጆንያ የለውም። ቢሆንም ኤክስፖርት ነው፤ የውጭ ምንዛሪ ያስገባል።

የዓለም ንግድ ድርጅት የአገልግሎት ንግድ ስምምነት እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ይህን ንግድ በአራት ይከፍለዋል። አንደኛው አገልግሎቱ ራሱ ድንበር ሲሻገር ነው፤ ማኒላ ተቀምጣ የአሜሪካ ደንበኞችን ስልክ የምትመልሰውን ሠራተኛ አስቡ። ሁለተኛው ደንበኛው ሲመጣ፣ ላሊበላን እንደሚጎበኝ ቱሪስት። ሦስተኛው፣ ሳፋሪኮም እዚህ እንዳደረገው፣ ኩባንያ ውጭ አገር ሥራ ሲከፍት። አራተኛው ሰው ራሱ ለጊዜው ሊሠራ ሲሄድ።

ጭቅጭቁ ያለው እዚህ አራተኛው ላይ ነው። ሀብታሞቹ አገሮች «ባንካችሁንና ቴሌያችሁን ክፈቱ» ለማለት ይፈጥናሉ። የግንበኛና የነርስ ቪዛ ሲነሳ ግን ነገሩ ይቀዘቅዛል፤ የከፈቱት በር በአብዛኛው ለኩባንያ ሥራ አስኪያጆችና ለከፍተኛ ባለሙያዎች ነው። ድሃ አገር ደግሞ በብዛት ያለው ሠራተኛ ሰው ነው!

እርግጥ እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም ንግድ ድርጅት ጄኔቫ ላይ በልማት እጅግ ወደኋላ ለቀሩ አገሮች አገልግሎት ልዩ ዕድል መስጠትን የሚፈቅድ ውሳኔ አጽድቋል። ይፈቅዳል እንጂ አያስገድድም።