ሐረጎ ላይ መስኮቱን ማን ይክፈት?



ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ባሕር ሕመም ነው። «ደሴ ላይ ቁጭ ብሎ ስለ ምን ባሕር ያወራል?» የምትሉኝ አትጠፉም። ድሮ ከኮምቦልቻ ተነስቶ በባቲና በሚሌ አድርጎ አሰብ የሚያደርስ መንገድ ነበረን፤ የጭነት መኪና ሹፌሮቻችን ቀይ ባሕርን አሳምረው ያውቁት ነበር። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ራሷን የቻለች አገር ከሆነች ወዲህ ባሕሩ ራቀን። ሕመሙ ግን አብሮ አልሄደም፤ ሐረጎ ዳገት ላይ ቀረ።

ከደሴ፣ ከሆጤ ሰፈር ተነስቶ ኮምቦልቻ ጉዳይ ያለው ሰው ሐረጎን ሳይወርድና ሳይወጣ አይመለስም። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ በዚያች ርቀት ግን ወደ 600 ሜትር ከፍታ ይወጣል። መኪናው ወደ ግራ ይታጠፋል፣ ወዲያው ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ። አንዱ ኩርባ ላይ፣ እስከዚያ ድረስ ሲያወራ የነበረ ተሳፋሪ ወሬውን ድንገት ያቆማል። ላብ ላብ ይለዋል፣ ፊቱ ይገረጣል፣ አፉ ምራቅ ይሞላል። ከዚያ «ረዳት፣ ፌስታል!»

እኛ «መኪና አይስማማኝም» እንላለን። ለሐኪም ግን መኪናም ሆነ መርከብ፣ አውሮፕላንም ሆነ ታንኳ፣ የሚያመጡት ሕመም ያው ነው። ጥፋቱን ሁላችንም ሆድ ላይ እንጥላለን እንጂ ነገሩ የሚጀምረው ጆሮ ውስጥ ነው። በውስጠኛው ጆሯችን በየጎኑ ሦስት ሦስት የግማሽ ክብ ቱቦዎች አሉ፣ ፈሳሽ የያዙ። ጭንቅላት ሲዞር ፈሳሹ ወደ ኋላ ይቀራል፤ መዞራችንን አንጎል የሚያውቀው በዚህ ነው። ከቱቦዎቹ ጎን ደቃቅ የካልሲየም ጠጠሮች ያሉባቸው ሁለት ከረጢቶች ደግሞ ወደ ፊት መገፋትን፣ ወደ ጎን መንሸራተትን፣ መውጣት መውረድን ይለካሉ። እንግዲህ ከኋላ ወንበር ተቀምጣችሁ ስልካችሁ ላይ አቀርቅራችኋል እንበል። ጆሮ «እየዞርን ነው» ይላል። ዓይን ግን የሚያየው ከእጃችሁ ንቅንቅ ያላለ ስልክ ስለሆነ «ኧረ የት ሄደን!» ይላል። ሁለቱ ምስክሮች ሲጣሉ ተቀጪው ጨጓራ ነው። ለምን ጨጓራ እንደተመረጠ ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ፤ አንጎል መርዝ የበላን ይመስለውና ሊያስወጣልን ይሞክራል የሚሉ አሉ።

ጆሮን የምንከስሰው በደፈናው አይደለም። አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ በፈረንጆቹ 1882 መስማትና መናገር የተሳናቸውን ብዙ ሰዎች ጠይቆ፣ ከመካከላቸው በርካቶች ማዞር የሚባለውን ነገር ጨርሶ እንደማያውቁት አሳተመ። የውስጥ ጆሮው ሚዛን የማይሠራ ሰው መርከብም አያሳምመውም።

ሹፌሩስ? እሱም በዚያው ኩርባ ነው የሚሄደው፤ ግን ሲያስመልሰው አይታችሁ አታውቁም። መሪውን የሚያዞረው ራሱ ነው፤ መታጠፊያው ሳይደርስ ዓይኑ አይቶታል፣ አንጎሉም ተዘጋጅቶለታል። መድኃኒቱ እዚህ ላይ ነው ያለው ብል አላጋነንኩም፤ ተሳፋሪው ሹፌሩ የሚያየውን መንገድ ማየት አለበት።

የኛን ጉዞ ግን ላውጋችሁ። ክረምት ነው፣ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ እየወጣን ነው፣ ሐረጎ ጉም ለብሷል። ከፊቴ አሥር ዓመት የማይሞላት ልጅ እናቷ ጎን ተሸጉጣለች። እናት በነጠላዋ ጫፍ የልጇን ግንባር ትጠርጋለች፤ በሌላው እጇ ግማሽ ሎሚ ይዛለች። ልጅቷ መስኮቱን ጣት የምታህል ገፋ አደረገችው። ወዲያው ጋቢ የደረቡ አባት ከኋላ፣ «ዝጊው እንጂ ልጄ! ብርድ ልታስመቺን ነው?» አሉ።

«አባባ፣ እያመማት ነው» አለች እናት።

«አብሽሪ፣ ደርሰናል። ንፋሱ ይብስባታል።»

መስኮቱ ተዘጋ። ብዙም ሳንሄድ ረዳቱ በሩ አጠገብ ካንጠለጠለው ጥቅል ፌስታል በጥሶ አቀበለ። ያኔ ከፊት እስከ ኋላ መስኮቱ ሁሉ ተከፈተ፤ የአባባም ጭምር።

ለንፋስ ያለን ፍርሃት ከዚህ ወግ በላይ ነው። ጤና ባለሙያዎች ስለ ቲቢ ሲሉ መስኮት ክፈቱ እያሉ ስንት ዓመታቸው! እኔ የሰውን እምነት አልነካም፤ ግን የናፍጣ ጭስ፣ የታፈነ ሙቀትና የሌላ ሰው ትውከት ሽታ ማቅለሽለሽን እንደሚያባብሱ የታወቀ ነው። የሚያመው ሰው መስኮት ጋ ይቀመጥ፣ አየር የሚያስገባ ያህል ይክፈት፣ ብርድ የሚፈራው ጋቢውን ይሳብ።

ባሕር ላይም ወጉ ያው ነው። ጎረቤታችን ጅቡቲ፣ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ የዓለማችን ትልቁ ዓሣ፣ ግዙፉ ሻርክ ይመጣል። እሱን ለማየት በጀልባ የሚወጡ ዋናተኞችና ጠላቂዎች ብዙ ናቸው። ጠላቂ ሰው የአየር ሲሊንደሩን፣ ቀበቶውን፣ መነጽሩን ለማሰናዳት ያቀረቅራል፤ ጀልባዋ ትዋዥቃለች፤ የሞተሩ ጭስ አፍንጫ ሥር ነው። ስልክ ላይ ካቀረቀረው ተሳፋሪያችን የሚለየው እርጥብ በመሆኑ ብቻ ነው። ስለዚህ የለመዱት ዕቃቸውን ወደብ ላይ እያሉ ገጣጥመው ይጨርሳሉ፣ ብዙ በማይወዛወዘው በጀልባዋ መካከል ይቀመጣሉ፣ ዓይናቸውን ሰማይና ውሃ በሚገናኙበት መስመር ላይ ይተክላሉ። ጥልቅ ሲሉ ውዝዋዜው እየቀነሰ ይሄዳል። ውሃ ውስጥ ሳሉ ወደ ላይ ካላቸው ደግሞ የሚተነፍሱበትን አፍ አያወጡትም፤ እዚያው ውስጥ አስመልሰው በአየር ያጥቡታል። ደስ የማይል ወሬ ነው፣ ይቅርታ፤ ግን አውጥቶ ውሃ ከመሳብ ይሻላል።

ቻርልስ ዳርዊን በቢግል መርከብ በፈረንጆቹ ከ1831 እስከ 1836 አምስት ዓመት ገደማ ዞሯል፤ ባሕሩ እስከ መጨረሻው አልተስማማውም። ዘቢብና ብስኩት እየቀመሰ ተጋድሞ ይውል ነበር። አብዛኛው ሰው በሁለትና በሦስት ቀን ባሕርን ሲለምድ፣ አንዳንዱ እንደ እሱ አይለምድም። ሕፃናት እስከ ሁለት ዓመታቸው እምብዛም አያማቸውም፤ ከዚያ እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ግን ክፉኛ ይጠናባቸዋል። ሴቶችን ከወንዶች ይልቅ ያጠቃል፤ በተለይ ነፍሰ ጡር ስትሆን፣ ወይም ማይግሬን የሚባለው ራስ ምታት ያለባት ስትሆን።

የሚገርመው፣ መንቀጥቀጥ ሁሉ አያሳምምም። በፈረንጆቹ 1974 ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሰውን በመሣሪያ ላይ አስቀምጠው ሲያወጡና ሲያወርዱ፣ ከሁሉ የከፋው በአምስት ሴኮንድ አንዴ የሚመላለሰው ዝግ ያለ ውዝዋዜ ሆኖ አገኙት። አያቶቻችን ከወሎ ሸዋ በበቅሎ ሲመላለሱ በቅሎ አሳመመችኝ ያለ አልሰማሁም፤ የበቅሎ እርምጃ ለዚህ ሕመም ፈጣን ነው።

ወደ ወንበሩ ልመለስ። በፈረንጆቹ 1999 ተርነርና ግሪፊን የተባሉ ሁለት ሰዎች እንግሊዝ አገር በአውቶቡስ የተጓዙ 3,256 ተሳፋሪዎችን ጠይቀው ነበር። የፊቱን መንገድ ማየት ያልቻሉት ከሚያዩት ሦስት እጥፍ ያህል ታመሙ። ጎን ለጎን የሚያላጋ አነዳድም ሕመሙን ይጨምራል፤ ስለዚህ ሹፌሩንም ነገሩ ይመለከተዋል፣ ኩርባ ላይ ተሽቀዳድሞ ድንገት ፍሬን የሚይዘውን በተለይ። እንግዲህ እኛ ጋ ጋቢናውን ማን ነው የሚይዘው? የሹፌሩ ወዳጅ፣ ባለ ሱፍ፣ ወይም እግሩ ረዥም የሆነ ጎረምሳ። የሚያማት ልጅ ከኋላ፣ ከሻንጣና ከጎማ በላይ። ይሄ ለኔ ግልብጥ ያለ ሥርዓት ነው። ረዳቶች መነሃሪያ ላይ «መኪና የማይስማማው አለ?» ብለው ቢጠይቁና ከፊት ቢያስቀምጡት፣ ፌስታሉም ጠረጋውም ይቀርላቸው ነበር።

ከአዲስ አበባ ለሚመጣው ይብሳል። 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጣርማ በርን በዋሻው አልፎ ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ አንዴ ይፈተናል፣ ከዚያ በሸዋ ሮቢትና በከሚሴ ሜዳው ያሳርፈዋል፣ ሐረጎ የሚጠብቀው ደክሞት ሳለ መጨረሻ ላይ ነው። «ባዶ ሆዴን ልሂድ» የሚሉ አሉ፤ አይጠቅምም። ባዶ ሆድም ያቅለሸልሻል፣ ቅባት የበዛበት ጥብስም እንደዚያው። ዳቦ፣ ቆሎ፣ ትንሽ ውሃ ይበቃል። ዝንጅብል አንዳንዶችን እንደረዳ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ሎሚና ጤና አዳም ማሽተት ጆሮና ዓይንን አያስታርቅም፤ ክፉ ሽታን ግን ያስረሳል፣ ስለዚህ አትጣሏቸው። ምንም ማየት ያቃተው ዓይኑን ጨፍኖ ጭንቅላቱን ወንበሩ ላይ ያስደግፍ። እንቅልፍ ከወሰደው ተገላገለ።

ክኒኑም አለ፤ ታሪኩ ደስ ይላል። በፈረንጆቹ 1947 ባልቲሞር ከተማ አንዲት ነፍሰ ጡር ለቆዳ ሽፍታ አዲስ መድኃኒት ይታዘዝላታል። ሐኪሞቿን ተመልሳ ያስገረመቻቸው በሽፍታው ሳይሆን፣ ሁልጊዜ የሚያሳምማት የከተማው ባቡር ማሳመሙን በመተዉ ነው። መድኃኒቱ አትላንቲክን በሚያቋርጥ የወታደር መርከብ ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ1949 ታተመ። ድራማሚን የሚባለው ይኸው ነው። ዛሬ በየመድኃኒት ቤቱ እሱና መሰሎቹ ይገኛሉ፤ ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡርና የግላኮማ ወይም የፕሮስቴት ሕመም ላለበት ሰው ፋርማሲስቱን ሳትጠይቁ አትግዙ። የሚዋጠው ከመነሳት ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። ሐረጎ ግርጌ ደርሶ ማቅለሽለሽ ከጀመረ በኋላ ቢዋጥ ጨጓራው ቀድሞ ይመልሰዋል።

ፌስታሉን በተመለከተ፣ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታል መጠቀምን ከልክሏል። ረዳቶቻችን በምን እንደሚተኩት እንጃ፤ እስከዚያው ክዳን ያለው ዕቃ ከቤት ይዛችሁ ውጡ፤ ኩርባ ላይ አንገታችሁን በመስኮት አታውጡ፣ ከፊት የሚመጣው መኪና አያያችሁም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ያ ክኒን እንቅልፍ ያመጣል፤ የዋጠ ሰው ያን ቀን መሪ አይጨብጥ። ደሴ መነሃሪያ ስትደርሱም ሳትፈዙ ሻንጣችሁን ቆጥራችሁ ውረዱ።