የፋብሪካ ጦርነትና የቢላቴ ወንዝ

(በመስጊዳችን መታሰቢያ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ አር-ረሕማን አር-ረሒም



ስለ ዓለም ጦርነት ሲነሣ ለብዙዎቻችን የሩቅ አገር ወሬ ይመስለናል። ጀርመንና እንግሊዝ ተዋጉ፣ ከተሞች ተቃጠሉ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው አለቀ ሲባል እንሰማለን። ይሁንና አንባቢ ሆይ፣ ከሆሳዕና ወደ ሻሸመኔ ስትወርድ ሀላባ ቁሊቶን ታልፋለህ። ለገበያም ሆነ ለዘመድ ጥየቃ ስንት ጊዜ ተመላልሰንበታል! ግንቦት 11 ቀን 1933 ዓ.ም. በዚያው በቢላቴ ወንዝ ዳር ታንክና መድፍ የተሰለፈበት ውጊያ ተካሂዷል። ከወንዙ ወዲህ ጣሊያን መሽጎ ነበር። ከወዲያ በኩል የእንግሊዝ ጦር መጣ። ወንዙን ቀድመው የተሻገሩት ሁለት ሻምበሎች ታንክ የሚመታ መሣሪያ አልያዙም ነበርና የጣሊያን ታንኮች ድንገት ወጡባቸው። ኬንያ ይኖር የነበረ ናይጅል ሊኪ የተባለ ሳጅን አንዱ ታንክ ላይ ዘሎ ወጥቶ ክዳኑን በእጁ ከፈተና ውስጥ ያሉትን በሽጉጥ መታ። ሌላም ታንክ እንዲሁ ሊደግም ሲል ተመትቶ ወደቀ። እንግሊዞች ከፍተኛውን የጀግንነት ኒሻናቸውን ከሞተ በኋላ ሰጡት። መቃብሩ ግን እስከ ዛሬ አይታወቅም።

የሊኪ ስም በመጻሕፍት ተጽፎለታል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የአብረውት የነበሩት ጉዳይ ነው። ሻለቃው ከታንጋኒካ፣ ማለትም ከዛሬዋ ታንዛኒያ፣ የተመለመሉ ጥቁር ወታደሮች ነበሩ። ከነርሱ መካከል ሙስሊሞች እንደነበሩ አያጠራጥርም። እነዚህ ሰዎች ከሀላባም፣ ከሀዲያም፣ ከከምባታም ጋር ምን ጠብ ነበራቸው? ከጣሊያኑስ ጋር ቢሆን? ታዲያ እዚህ ምን አመጣቸው?

መልሱ ፋብሪካው ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ቀድሞ ጦርነት የሚዘምተው ሰው ስንቁን በበቅሎ ጭኖ እስከሚችልበት ድረስ ነበር። ክረምት ሲገባ ይቆማል፣ እህል ሲያልቅ ይበተናል። ፋብሪካ ያላቸው መንግሥታት ግን መሣሪያውን ያለማቋረጥ ያመርታሉ፣ በመርከብና በካሚዮን ያጓጉዛሉ። ለፋብሪካው ደግሞ ጥሬ ዕቃ፣ ገበያና ነዳጅ ያስፈልጋል። እርሱን ፍለጋ የሰው አገር ይይዛሉ። ከዚያም ከያዙት አገር ሰው መልምለው ሌላውን አገር ይወጉበታል። ጣሊያን ሊቢያን በ1904 ዓ.ም. ስትወጋ የኤርትራ አስካሪዎችን እየወሰደች ከሊቢያ ሙስሊሞች ጋር አዋጋች። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ የሊቢያን ልጆች አምጥታ በኦጋዴን ከኢትዮጵያውያን ጋር አዋጋች። አንዱ የሌላውን ቤት እንዲያፈርስ ሲደረግ የሮማ ፋብሪካ ባለቤት ልጅ ቤቱ ተቀምጦ ነበር።

የ1928ቱን ወረራ ምክንያት የአድዋን ቂም ብቻ ማድረግ ልማዳችን ነው። ቂሙ እውነት ነው፣ ነገር ግን በቂም ብቻ አውሮፕላን አይነሣም። የመንግሥታቱ ማኅበር በኅዳር 1928 ዓ.ም. በጣሊያን ላይ ማዕቀብ ሲጥል ነዳጅን አላካተተም። የስዊዝ ቦይም ክፍት ሆኖ ቆየ። ካሚዮኑና አውሮፕላኑ ያለ ቤንዚን አንድ ክንድ እንደማይሄዱ እያወቁ ይህን የተዉት መንግሥታት የዓለም ሰላም ጠባቂ ነን ባዮቹ ነበሩ። ጣሊያን በመርዝ ጋዝ ላለመጠቀም በ1917 ዓ.ም. በጄኔቫ ፈርማ ነበር። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ግን ጋዙን ከአውሮፕላን በሠራዊታችን፣ በገበሬውና በከብቱ፣ በሚጠጣው ውሃም ላይ ረጨችው። (ዛሬም አንዳንድ ሰው መንገዱንና ድልድዩን ጣሊያን ሠራልን እያለ ሲያመሰግን እሰማለሁ። መንገዱ የተጠረገው በመጀመሪያ ለጦር ካሚዮን መሆኑን ቢያስብ ደግ ነበር።)

ሰይዲና አቡበክር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም የሚዘምተውን ሠራዊት ሲሸኙ ሴትን፣ ሕፃንንና አዛውንትን እንዳይነኩ፣ የሚያፈራ ዛፍ እንዳይቆርጡ፣ በገዳም የተቀመጡትንም እንዲተዉ ማዘዛቸውን ከኡለማዎቻችን ተምረናል። ይህ ትእዛዝ የሚፈጸመው ግን ሰይፉን የያዘው ሰው ከፊቱ ያለውን ሰው ሲያይ ነው። ከሰማይ ጋዝ የሚረጨው አብራሪ ከታች ያለው ሽማግሌ ይሁን ሕፃን አያይም። የፋብሪካ ጦርነት ከሌላው የሚከፋበት ዋናው ነገር ይህ ይመስለኛል። ዛሬማ ሰው በሌለበት አውሮፕላን ሲመታ እያየን ነው።

አሁን ወደ እኛ ወደ ሙስሊሞቹ ጉዳይ ልምጣ፤ ነገሩ ትንሽ ይመራል። ጣሊያን አገራችንን ከያዘች በኋላ ለሙስሊሙ ወዳጅ መስላ ቀረበች። በብዙ ቦታ መስጊድ እንዲሠራ ረዳች፣ ዐረብኛ በትምህርት ቤት እንዲሰጥ አደረገች። አባቶቻችን በሃይማኖታቸው ብዙ በደል ደርሶባቸው ስለነበር ከመካከላቸው በዚህ ደስ ያለው ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን ይህን ስጦታ ያመጣው እጅ የማን ነበር? የግራዚያኒ ነው። ግራዚያኒ በሊቢያ ሳለ የቁርአን መምህሩን ሸይኽ ዑመር አል-ሙኽታርን በመስከረም 1924 ዓ.ም. በሕዝብ ፊት አሰቅሏል፣ ሕዝቡንም በሽቦ በታጠረ ካምፕ አጉሮ ፈጅቷል። ይኸው ሰው የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ቦምብ ሲጣልበት ሕዝቡ ሦስት ቀን ታረደ። በዚያው ሳምንት ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ በምናልፋት በቡታጅራ አካባቢ ራስ ደስታ ዳምጠው ተይዘው ተረሸኑ። አንድ ወር ሳይሞላ ሙሶሊኒ ትሪፖሊ ላይ በፈረስ ተቀምጦ «የእስልምና ሰይፍ» የተባለ ጎራዴ ከፍ አድርጎ የሙስሊሞች ጠባቂ ነኝ አለ። ዑመር አል-ሙኽታር በተሰቀሉበት አገር!

እኛ በሀዲያና በከምባታ በአንድ አባት ልጆች መካከል ሙስሊምም ክርስቲያንም ያለን ሰዎች ነን። ለለቅሶም ለሠርግም አንለያይም። መሣሪያ ይዞ የሚመጣ ሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ይህ እንዲላላ ነው። አንዱን ወገን በስጦታ፣ ሌላውን በስጋት ይይዛል። ዛሬ ይህ ሥራ በስልክ ይሠራል፤ ልጆቻችን በየምሽቱ የሚያዩትን ስንቶቻችን ጠይቀናቸዋል?

ጦርነቱ ለማንም ወገን እንደማያዳላ ማስረጃው ሩቅ አይደለም። የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሶሐቦች የተጠለሉባትን አገር የምታስታውሰን፣ በትግራይ ውቅሮ አቅራቢያ ነጋሽ ያለችው የነጃሺ መስጊድ በ2013 ዓ.ም. በከባድ መሣሪያ ተመትታለች፣ ተዘርፋለችም። ያን መሣሪያ የተኮሱት የራሳችን አገር ሰዎች ወይም ጎረቤቶቻችን ናቸው። መሣሪያውን ግን ከመካከላቸው የሠራው የለም።

በቁሊቶው ጦርነት ሰሞን ከብታቸውን ነድተው የሸሹ፣ ከብረት ፍርስራሹ ማረሻና ቢላ ያስቀጠቀጡ፣ የሞተ የሰው አገር ሰው የቀበሩ አባቶች በሀላባና በአካባቢያችን እንደነበሩ እገምታለሁ። ልጆቻቸው ዛሬ አርጅተዋል። ከአባቱ ወይም ከእናቱ የሰማው ያለ ሰው፣ በተለይም የታንጋኒካ ሰዎች የት እንደተቀበሩ፣ ሶላተል ጀናዛም ተሰግዶላቸው እንደሆነ የሚያውቅ ቢኖር፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ለኮሚቴው ጸሐፊ ይንገር። ደብተሩ ተዘጋጅቷል።